ከአራሷ ላይ ያነሳሁት ጣራ

ለአስካለ፣ አፈር ለለበስሽው ባለቤቴ፤

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ አጥሩም በአንድ ወገን ጋደል ብሏል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ለደብዳቤ አይበቃም። ለሌላ ሰው እንዳላስጽፈው ደግሞ የምነግርሽ ነገር ለሰው የሚነገር አይደለም።

ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ጨረስኳቸው። ለሲሚንቶው ውሃ ስታመላልሺ “ስታከራይ ውሉን አስነብበህ ፈርም፣ አትኩራ” ብለሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። አንደኛውን ለሊሴ የምትባል የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ልትከራይ መጣች። ባሏ ሾፌር ነው፣ ብዙ አይመጣም። “ልጅ ላለው አላከራይም” አልኳት በአፌ። “የለኝም ኦቦ” አለች። እውነቷን ነው፣ ያኔ አልነበራትም። ደላላው ውሉን ዘርግቶ “ላንብብልዎት?” ቢለኝ “ዓይን የለኝም ወይ?” አልኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንድም መስመር አልገባኝም። ፈረምኩ።

ደግ ልጅ ነበረች። “አካም ቡልተን” ብላ እንዴት እንዳደርኩ ሳትጠይቀኝ ለሥራ አትወጣም። የእኔን ደጃፍ ሳይቀር ትጠርግልኝ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ግን ነገር ተበላሸ። ልጅ ሲያለቅስ መስማት አልችልም፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ። ቡራዩ ተከራይተን ሳለ አከራያችን “ሳትወልጂ ልቀቂልኝ” ብላሽ፣ በዝናብ ዕቃ ስንጭን ውለን በማግስቱ ጽንሱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ እግዜር አልሰጠንም። የራሳችን ቤት ሲኖረን ነፍሰ ጡር እንዳላስወጣ አስምለሽኝ ነበር።

መሐላውን አፈረስኩት። ልቀቂ አልኳት። “እስክወልድ ይታገሡኝ፣ እንደ አባቴ ነዎት” አለች። እኔ ወረቀቱን ይዤ ውል ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ፣ ያስወጡልኝ ብዬ። ጸሐፊዋ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብላ አነበበችው። “አባት፣ ሁለት ዓመት ነው የሚለው። ስለ ልጅ አንድ ቃል የለበትም። ራስዎ ፈርመውበት የለ?” አለችኝ። ከኋላዬ አንዱ “ሳያነቡት ነዋ የፈረሙት” ብሎ ሳቀ። አስካለ፣ ያንን ሳቅ ተሸክሜ ነው ቤት የገባሁት።

በዚያው ሳምንት ወለደች፤ ሴት ልጅ። በአሥረኛው ቀን መሰላል አቁሜ በዚህ ጉልበቴ ጣራው ላይ ወጣሁ። “ያፈሳል፣ ሊጠገን ነው” አልኩ። አያፈስም ነበር። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ስነቅል፣ ሕፃኗን በጋቢ ሸፍና ከታች ቀና ብላ ታየኝ ነበር። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ የማቆም ይመስለኛል። አይ፣ አንቺን አልዋሽም፤ አላቆምም ነበር።

ጎረቤታችን በላይነሽ ከአጥር ወዲያ “ኦቦ፣ ለወለደች ውሻ እንኳ ጥግ አይነፈጋትም። እንኳን አስካለ ይህን አላየች” አለችኝ። የራስሽን ቤት ጠብቂ አልኳት። ለሊሴ ላስቲክ ወጥራ አንድ ቀን ተኩል ቆየች። የሰበታን ሐምሌ ታውቂዋለሽ። ከዚያ እኅቷ ከሱሉልታ መጥታ ወሰደቻት።

ቆርቆሮውን መልሼ መታሁት። ተከራይ ግን ጠፋ። ደላላው “ስምዎ ወጥቷል፣ የአራስ ጣራ ያነሱት እየተባሉ ነው” አለኝ። የታችኛው ሰፈር ታዬ ደግሞ ክፍል ሠርቶ ሊያከራይ ነው፤ “እርስዎ ጀምረውታል፣ ይምከሩኝ” ብሎ መጣ። ውሉን አስነብብ፣ በአፍህ ያልከውም ወረቀቱ ላይ ይግባ አልኩት። ሌላውን ዋጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ እየቀያየርኩ ሱሉልታ እኅቷ ቤት ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ አልልሽም፤ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ቤቱ ባዶ ነው፣ ተመለሺ ልላት ነበር። ለሊሴ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከውስጥ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች።

“ይግቡ እንዳልልዎት፣ እዚህ ቤት ልጅ ያለቅሳል” አለችኝ፣ አንቱታውን ሳታጓድል።

ባለሁበት ቆሜ ልቅሶውን ሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደፈራሁት አልነበረም። ትንሽ ድምፅ ነው፣ የተራበ ድምፅ። አንቺ ሳትሰሚው ሄድሽ።

“ማን አላችኋት?” አልኳት።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አልረሳሽም፣ አስካለ። አጠገብሽ እስክተኛ ድረስ ማለዳ ስነሳ አንቺን በስምሽ አስባለሁ፤ ለሊሴንም በስሟ አስባለሁ። ሕፃኗን ማን ብዬ እንደማስባት ግን አላውቅም።