ስሟን ያዋሰችህ ልጅ

ውድ ወንድሜ ስምዖን፣

ዛሬ ጠዋት ዌስትላንድስ ካለው መሥሪያ ቤት ለልጄ ለምርቃት መልእክት ደርሷታል። የቅጥሯ ጉዳይ የፊታችን ሐሙስ በአራት ሰዓት እሷው በተገኘችበት በኮሚቴ ይታያል።

ከቀበርንህ ወዲህ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። ሙታን ደብዳቤ እንደማያነቡ አንተም እኔም እናምን ነበር። ግን ይህን ነገር ከአንተ ሌላ ለማን እንደምነግረው አጣሁ።

ናይሮቢ መጥተህ ፓርክላንድስ ቤት የተከራየህ ጊዜ የስደተኝነት ወረቀትህ ገና ስላልወጣ በስምህ የስልክ መስመር ማውጣት አትችልም ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ለእንዲህ ያለ ሰው የሚደረገውን ታውቃለህ። የኬንያ መታወቂያ ያለው ወጣት አዲስ መጤውን ይዞ ስልክ ሱቅ ይሄድና መስመሩን በራሱ ስም አስመዝግቦ ያስረክበዋል። «ስም ማዋስ» እንለዋለን። ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ምርቃት በእናቷ በደስታ በኩል ኬንያዊት ናትና መታወቂያዋን ባወጣች ሰሞን ይዛህ ሄደች። ስትመለሱ በር ላይ ቆመህ «ፀጋዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም ምርቃት ነኝ፤ በል ለልጅህ እራት አቅርብ» ብለህ አሳቅኸን።

ኑሮህን በዚያ መስመር ላይ አቆምክ። ሰኞ በስልክ ከሚያበድረው ድርጅት ትበደራለህ፤ ጨርቅ ትገዛለህ፤ የመዘምራኑን ልብስ ሰፍተህ ታስረክብና ዓርብ ትከፍላለህ። አንድ ዓርብ አሳልፈህ አታውቅም። የሚፈቀድልህ ብድር ከፍ እያለ ሲሄድ «የልጅህን ስም እያሳደግኩልህ ነው፤ ገና ባንክ ደጅ ይጠናታል» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነበር።

የመጨረሻውን ብድር የወሰድከው ሆስፒታል በገባህበት ቀን መሆኑን ያወቅነው አሁን ነው። ያለ መያዣ ገንዘብ አልጋ የለም ብለውህ ይሆናል። እኔ በማታቱ ታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ ተኝተህ አገኘሁህ። «የሚከፈለው ሁሉ ተከፍሏል፤ አታስብ» አልከኝ። ለምን አልነገርከኝም? ስንት ምሽት ይህን እንደጠየቅኩህ አላውቅም። በሳምንቱ አረፍክ። አበዳሪው መልእክት ይልክ የነበረው ወዳንተ ስልክ ነው፤ ስልኩ ያለው በባለቤትህ በእህተማርያም እጅ ነው፤ እሷ ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ማስታወቂያ መስሏት ታጠፋው ነበር።

የብድር መዝገቡ መሞትህን አያውቅም። እዚያ ላይ ስምዖን የሚባል ሰው ተወልዶም አያውቅም፤ ተበድራ ያልከፈለች ምርቃት ፀጋዬ ብቻ አለች።

ልጅቷ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፋ ነበር። ቦታው ገንዘብ ክፍል ነው። ከመቅጠራቸው በፊት የብድር ታሪኳን ማስረጃ እንድታመጣ ጠየቋት። «ዳዲ፣ እኔ ሎን ወስጄ አላውቅም፤ ይሄ ፎርማሊቲ ነው» ብላኝ ወጣች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

ዕዳውን ደስታና እኔ በማግስቱ ከፈልነው። መዝገቡ ግን «ዘግይቶ የተከፈለ» እያለ ለዓመታት ያቆየዋል አሉን።

ከቅጥር ኃላፊዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር አጠገቧ ነበርኩ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። «ፖሌ ሳና፣ ምርቃት» አለቻት፤ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው። «ግን የሰው ገንዘብ ነው የምንሰጥሽ። ከዚህ በፊት የማናውቅሽን በምን እንመዝንሽ?» ቀጥላም መንገድ አሳየቻት። መስመሩን አላውቀውም ብላ ለስልክ ድርጅቱ ከፈረመች መስመሩ ይዘጋል፤ ስሟም ይጸዳል።

ጥያቄዋን ብዙ አሰብኩበት። ገንዘብ የሚያስረክብ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። የከፋኝ መልሱን የፈለገችበት ቦታ ነው። ያ ወረቀት የዘገየውን ያሳያል፤ ለምን እንደዘገየ አይጠይቅም። አልጋ ለማግኘት የተበደረውንና ለጭፈራ የተበደረውን በአንድ መስመር ያሰልፋል።

ጨርቅ ይሸጥልህ የነበረው የኢስሊ ሰፈሩ ነጋዴ ሳኒ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። «እኔስ የማልቀጥረው ዕዳ የሌለበትን ሰው ነው! ዱቤ የሌለበት ማለት እኮ ማንም አምኖት የማያውቅ ማለት ነው!» አለ። «የገንዘብ ሳጥኔን ግን ዕዳ ላለበትም ለሌለበትም አልሰጥም» ብሎ ጨመረ። ከሐዘናችን ሁሉ መካከል ያን ቀን ሳቅን።

እሑድ ከጸሎት በኋላ እህተማርያም ቤታችን ሁርሊንግሃም መጣች። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዝጉት» አለች። «ልጄ ምርቃት በእኔ ምክንያት እንጀራዋን አትጣ።»

ምርቃት ስልኩን ወደ እሷ መልሳ ገፋችው። «እትዬ፣ የስደተኞች ቢሮ ሲጠራሽ በምን ያገኙሻል? ፋይላችሁ ላይ ያለው ቁጥር ይሄ ነው አይደል?»

«እግዚአብሔር ቁጥሬን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ቢሮው ነው ሌላ ቁጥር የማያውቀው።»

እህተማርያም ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለቃለ መጠይቅ ትጠራላችሁ ተብላችሁ አብራችሁ የጠበቃችሁትን ጥሪ አሁን ብቻዋን ነው የምትጠብቀው። ቁጥሩን ለማስቀየር ወረፋ ይዛለች፤ መቼ እንደሚደርሳት የነገራት የለም።

እሷ ከሄደች በኋላ ልጄን ፈርሚ አልኳት። አባት ነኝ፣ ስምዖን። አንተም ብትሆን ፈርሚ ትላት ነበር ብዬ ተከራከርኩ።

«ዳዲ፣ ጋሽ ስምዖንን አላውቀውም ብዬ ነው የምፈርመው? ኢንተርቪው የገባሁት እሱ በሰፋልኝ ጃኬት ነው እኮ!»

በዚያው ሌሊት ለኮሚቴው የጻፈችውን አሳየችኝ። መስመሩን አውጥታ ለምታምነው ሰው እንደሰጠች፣ ሰውየው በየሳምንቱ ሲከፍል ኖሮ እንደሞተ፣ የቀረውን እነሱ እንደከፈሉ፣ መስመሩንም እንደማትዘጋ ጽፋለች። ስምህን እንኳ አልደበቀችም። ሴትየዋ ዛሬ በላከችው መልእክት ይህ ማብራሪያ ምርቃትን ሊጎዳት እንደሚችል አስታውቃለች፤ ስም ማዋስ በእነሱ ዘንድ ሌላ ጥፋት ነው።

ግራጫውን ጃኬት ታስታውሰዋለህ፤ ሃይስኩል ስትጨርስ የሰፋህላትን። እጅጌው አጥሯት ስለነበር ትናንት ደስታ እጥፋቱን ፈታችው። ስታድግ ይለቀቃል ብለህ ከውስጥ የተውከው ጨርቅ ልክ ሆነ። ሐሙስም የምትለብሰው እሱን ነው።

ማታ ወደ ቁጥርህ ደወልኩ። በእኔ ስልክ ላይ አሁንም የሚወጣው ያንተ ስም ነው። እህተማርያም በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፤ ቢሮው መስሏት ነበር። እኔ መሆኔን ስነግራት «ምንም አይደል፣ ክፍት መሆኑንም አወቅኩበት» አለችኝ።

የኮሚቴው ውሳኔ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለምርቃት በስልክ ይነገራታል።

የማይረሳህ ወንድምህ፣
ፀጋዬ
ሁርሊንግሃም፣ ናይሮቢ