ሮክና የባለቤቴ ቅንድብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለመላው ቤተሰብና ለአካባቢው ሕዝብ፦ ከሦስት ቀን ብርቱ ፍለጋ በኋላ የግራ እግሬ ካልሲ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ በሰላም ተገኝቷል። በፍለጋው ለተባበሩ ሁሉ (ማንም አልተባበረም) ምስጋናዬ ይድረስ።

ሌላ ዜና... የልጅ ልጄና ባንዷ ዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ደግፈው የቀረጹትን የሮክ ዘፈን ሬዲዮ ጣቢያው መለሰባቸው። ዘፈኑ ግሩም ነው፣ ድምፁ ግን አልበሰለም ተባሉ። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ካላስተካከሉ በቃ። ጊታሪስቱ ይህም ካልሆነ ጊታሬን ሰቅዬ እተወዋለሁ ብሏል። የልጅቷን ፊት አይቼ አላስቻለኝም። የመጨረሻውን ማስተካከያ፣ ማስተሪንግ የሚሉትን፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኳት።

"አባባ፣ ሠርተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። መኪና መጠገን ስጀምርም አላውቅም ነበር።"

አርባ ዓመት ሞተር በጆሮዬ ያከምኩ መካኒክ፣ አንዲት ዘፈን ታቅተኛለች?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሁለት ቀን ኮምፒውተር ላይ ተጎለትኩ። ከቪዲዮ እንደተማርኩት ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ማመጣጠን፣ ከዚያ ሳይሰነጠቅ ከፍ ማድረግ ነው። የታጠበ መኪና እንደ መወልወል... በዱላ ሲመቱ የሚንሿሹት የድራሙ የብረት ሳህኖች ግን የት ገቡ? ቀጭኑን ጨመርኩ። የሉም። ደግሜ ጨመርኩ። አሁን ገና አማረበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አስደመጥኳቸው። ድራም መቺው ሁለት ጆሮውን ያዘ። የልጅ ልጄ በትሕትና፣ ሳህኖቹ ጆሮ ይበሳሉ አለች። የዘመኑ ልጆች ጆሯችሁ ጨቅላ ነው ብዬ ተሳለቅሁባቸው።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እየሮጠች መጥታ ምድጃውን አጠፋች። ለካ ማንቆርቆሪያው አጠገቤ ሲያፏጭ ቆይቷል። እኔ... ምንም። ጆሮዬ ሳይነግረኝ ጡረታ ወጥቷል? ከመቼ ጀምሮ? ለልጅቷ ምን ልበላት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አልነገርኳትም። ፈሪ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዓይኑ የደከመ መካኒክ በጣቱ ይዳስሳል። እኔስ በምን ልዳስስ? ብቻዬን ደበረኝ ብዬ ባለቤቴን ከፊቴ አስቀመጥኳት። የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ተቀመጠች። ቀጭኑን ቀስ እያልኩ ስጨምር የግራ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። መለስ አደረግሁ... ወረደ። አርባ ስድስት ዓመት ያጠናሁት ቅንድብ! የትኛው ስቱዲዮ እንዲህ ያለ መለኪያ አለው?

አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ከፍ አደረገችው። ግራ ገብቶኝ ስጎረጉር ቆየሁ። ሳቋን ለቀቀችው።

"ቅንድቤን እያየህ እንደምትሠራ የማላውቅ መሰለህ? ጆሮህ እንደደከመ የገባኝ ማንቆርቆሪያው ያፏጨ ቀን ነው። ይልቅ ለልጅቷ ንገራት።"

ነገርኳት። ከዚያ፣ "እንግዲህ የሁለታችሁ ጆሮ አራት ነው፤ በሉ ቀጥሉ" ብላ ወንበሯን አስጠጋች። ይቺ ልጅ በማን ወጣች?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ድሮ በሠራሁበት ጋራዥ ዘፈኑን በሦስት መኪና አጫወትነው። በአዲስ፣ በአሮጌና አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ በቀረው ጭነት መኪና። በሦስቱም ግጥሙ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ወፍራሙ ቤዝ ደረት ይመታል። አብራን የመጣችው ባለቤቴ ቅንድቧን አልነቀነቀችም። መካኒኮቹ መፍቻቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ልጅቷ ጣቢያው ድረስ ይዛው ሮጠች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ተላለፈ! የሬዲዮው አዘጋጅ፣ ይህ እውነት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የተቀረጸው ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቴ ሹራቧን ጥላ ተነሳች። ጊታሪስቱ ዓይኑን እያሸ፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው አለ። የልጅ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሌላ አምስት ዘፈን አለን አለችኝ። ይምጣ! ሰኞ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ራሴ ነኝ የያዝኩት፣ ማንም አልጎተተኝም። ባለቤቴ በዘፈኖቹ ላይ ስሟ ከስሜ በፊት እንዲጻፍ ጠይቃለች። ተፈቅዷል። ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለማ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጎረቤታችን፣ ያቺ ኮስታራ ጡረተኛ አስተማሪ፣ በመስኮቷ ብቅ ብላ "ድገሙት" አለች።

...ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ከራሴ ፈጥሬያታለሁ። መስኮቷን ዘጋችው። ግን የዘጋችው እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ነው፤ ይሄ እውነት ነው።