የናቲ ጉልበት

ሶሌ፣ የኔ ዓለም፣

ካንተ ወዲህ ይሄ አራተኛው ብርድ ነው። ለንደን፣ ሰፈራችን ሆሎዌይም ያው ነው፣ የሕንጻችን ሊፍትም እንደ ልማዱ ይበላሻል። የተለወጠው ልጅህ ነው። ናቲ አሁን ወታደር አይደለም። አንተ ባረፍክ በዓመቱ ልምምድ ላይ ከባድ ሸክም ይዞ ቦይ ሲሻገር ቀኝ ጉልበቱ ዞረበት። ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ አልዳነም፤ በሕመሙ ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናበተ። ይኸው የድሮ ክፍሉ ተመልሶ አብረን ነን።

በአገልግሎት ላይ ለተጎዳ ወታደር የጉዳት ደረጃ ይወጣለታል፤ ካሳውም በዚያው ልክ ነው። ለናቲ የወጣለት ግን ዝቅ ያለ ነበር። ለምን መሰለህ? ሐኪሙ በጠየቀው ቁጥር «ደህና ነኝ» ብሎ ነው የመጣው። ስንት ለምኜው ይግባኝ አለ። ባለፈው ማክሰኞ ክላፋም ለሌላ ምርመራ ተጠራና አብሬው ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሁት። ፎቅ መውጣትና መውረድ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ «ምንም አይል» አላት። ያን ጊዜ አንተ ፊቴ ድቅን አልክ። ደረትህን እያመመህ «ደክሞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ብለህ፣ ምሳህን ይዘህ አውቶቡስህን ልትነዳ ስትወጣ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ። በአማርኛ ነው ያመለጠኝ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት፤ ፎቁን ቁጭ እያለ እንደሚወርድ፣ ካልሲውን ለማጥለቅ እንደሚታገል፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ ጉልበቱ እንደሚከዳው። ናቲ መሬት መሬቱን አየ። ሐኪሟ ወደሱ ዞራ «እናትህ ያሉት እውነት ነው?» አለችው። «አዎ» አላት።

ውጭ ስንወጣ «እማዬ፣ አዋረድሽኝ» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥም አጠገቤ አልተቀመጠም። ፈራሁ ሶሌ። ልጄን ለዘላለም ያስቀየምኩት መሰለኝ። ያ ሁሉ ሆኖ ደግሞ የጉዳት ደረጃው ባይለወጥስ?

ቤት ስንደርስ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ናቲ ፎቁን በእግሩ ትንሽ ወጣና ቆመ። ፊቱን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። ትከሻዬን ተደግፎ እያረፍን ወጣን። በራችን ጋ ስንደርስ «አባዬ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለኝ።

«መጀመሪያ እኔን ይቆጣኝ ነበር፣ ቀጥሎ አንተን ያዝልህ ነበር» አልኩት።

ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ስትመልሰው እስከ ላይ ድረስ አዝለኸው ስትወጣ፣ እሱ አንገትህን አንቆ «ፍጠን ፍጠን» ሲልህ ታየኝ። እሱም ትዝ ብሎት ኖሮ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ።

ውሳኔው ገና አልመጣም። ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ሲወድቅ ልቤ አብሮ ይወድቃል። ቆሞ መዋል የማይችል ልጅ ምን ሥራ ያገኛል እያልኩ እጨነቃለሁ። አንተ ብትኖር ጭንቀቱን እንካፈለው ነበር።

እሑድ መቃብርህ ጋ እንመጣለን። ከበሩ እስካንተ ዳገት ነው፤ ሲደክመው አረፍ እንላለን። ስምህን ሳልጠራ የሚመሽ ቀን የለኝም፣ ወደፊትም አይኖረኝም። ብንዘገይ እንዳትሰጋ፤ ቀስ ብለን እየመጣን ነው።

ያንተዋ አልማዝ