ጎማዋ የማይታጠፍ አውሮፕላን

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሣህሉ ወልደ ሐዋርያት፣ ደብረ ዘይት።

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሙሉነሽስ እንዴት ናት? ትንሿን ልጅህን ይዟት የነበረው ሳል ለቀቃት ወይ? እኛ ቂርቆስ ጠብቆን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ፤ ደህና አይደለንም። ወንድማችን አገኘሁ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆነው። በቴሌግራም ባስታውቅህ «ጉዳዩ በሕግ ይታያል፤ ተረጋጉ» ብለህ መለስህልኝ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ከቀበሌያችን ሊቀ መንበርም አላጣው፤ ለእሱ ቴሌ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

ነገሩን ከሰው አፍ ሰምተኸው እንደሆነ አሁን ከእኔ ስማው። የቃና ዘገሊላ ዕለት አገኘሁ ያችን የአንበጣ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኑን እያበረረ ከማክሰኝት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። በዚያ በኩል መብረር በዚያው ሰሞን ተከልክሎ ኖሯል፤ ለእሱ የነገረው የለም። የጦር አውሮፕላን በግራው መጣና ክንፉን አወዛወዘ። ይህን ያስተማርኸን አንተ ነህ። ለፋሲካ መጥተህ ሁለት ጫማ በእጅህ ይዘህ፣ ክንፉን ካወዛወዘ ተከተለኝ፣ ጎማውን አውርዶ ከዞረ እዚህ እረፍ ማለት ነው እያልህ ስታሳየን፣ አባባ በማዕድ ላይ ጫማ ታበርራለህ ብለው ተቆጥተውህ ነበር። አገኘሁም እንደ ደንቡ ክንፉን አወዛውዞ ተከተለ። በሬዲዮም እከተላለሁ እያለ ደጋግሞ ተናገረ፤ የእሱ ሬዲዮ የሚገናኘው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ብቻ ስለሆነ ያኛው አልሰማውም።

የጦር አውሮፕላኑ እየቀደመ እየተመለሰ ከእንፍራንዝ በታች፣ ሐይቁ ዳር ለአንበጣ አውሮፕላን ወደተደለደለው የሣር ሜዳ አደረሰው። እዚያም ጎማውን አውርዶ ዞረ። ያ ሜዳ የአገሩ ጥምቀተ ባሕር መሆኑን የጦር አብራሪው ከየት ያውቀዋል? አገኘሁ ዝቅ ሲል ካህናቱ የሚካኤልን ታቦት አጅበው፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶት አየ። ስንቅ ላቀብል ሄጄ ዘበኛው እየሰማ ሲያናግረኝ «በታቦትና በሰው ላይ እንዴት ልረፍ?» አለኝ። ቦታው አይሆንም ለማለት ደንቡ ጎማን አጥፎ በሜዳው ላይ ማለፍ ነው። የእሱ አውሮፕላን ጎማ ግን እንደ አልጋ እግር ተተክሎ የቀረ ነው፤ አይታጠፍም። መብራቱን ቢያበራ ቢያጠፋ በዚያ ፀሐይ ማን ያይለታል? ሲዞር ቆይቶ ያኛው ነዳጅ አንሶት ሲሄድ፣ እሱም በቀጥታ መጥቶ ባሕር ዳር አረፈ።

አሁን ጎማህን አውርደህ እሺ ካልህ በኋላ ከዳህ፤ ወደ ሱዳን ልትሻገር ነበር ይሉታል። ሊከዳ የተነሣ ሰው ሚስቱ ምሳ ሠርታ ወደምትጠብቅበት ከተማ ይመጣል? ይህንኑ መርማሪውን ብጠይቀው ልቡ ፈርቶ ነው አለኝ። ጎማው አይታጠፍም ብዬ ብለምነው፣ የጦር አብራሪው ቃል ጎማው ወርዶ ነበር ይላል ብሎ መለሰኝ። አውሮፕላኗ ሸራ ለብሳ እዚሁ ቆማለች፤ ሄዶ ማየት ከበደው። አገኘሁም የዋህ ነው፤ ሰው ነበረበት ማለት ሲበቃው ታቦት ነበረበት ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከአብዮቱ ትእዛዝ ታቦት ይበልጥብሃል ወይ ሲሉት ዝም አለ። ዝም ማለቱንም ጻፉበት።

ጋሼ፣ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። ከእሱ በፊት ከተወሰዱት የአንዱንም ስንቅ የሚቀበል አልተገኘም። መርማሪው ሙያውን የሚያውቅ የአየር ኃይል ሰው ቀርቦ ከመሰከረ እሰማለሁ ብሎኛል። አንተ የአየር ኃይል መካኒክ ነህ፤ እንዲህ ያለችውን አውሮፕላን ፈትተህ ገጥመሃል። ስለ ታቦቱ ተናገር አላልሁህም። ጎማዋ አይታጠፍም በል፤ ይህ ብረት እንጂ ሃይማኖት አይደለም። እንደምትፈራ አውቃለሁ። ለእስረኛ ወንድም መመስከር እንጀራህን፣ ምናልባትም ራስህን እንደሚያስከፍልህ አላጣሁትም። እኔም መርማሪው ፊት የምቆመው እየፈራሁ ነው። ቢሆንም ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ደብዳቤውን ለፖስታ ስላላመንሁት በመኪና ነጂ እጅ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ አቃጥለው። አባባ እግዚአብሔር ያጽናህ ይሉሃል፤ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣ ብለዋል። የአገኘሁ ሚስት ፅጌ ማርያም እጅ ትነሣለች። ልጃቸውን አደይን አባትሽ መስክ ነው ብለናታል፤ መቼ ይመጣል ማለቱን ትታለች። ሙሉነሽንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «አንዱ ከሄደብኝ አንዱ ይትረፍልኝ፤ ሣህሉ እንዳይመጣ።» ፊደል ስለማታውቅ ጻፍሽው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ጽፌዋለሁ። እኔ ግን ና እልሃለሁ።

እህትህ እሌኒ ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ጥር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.