ያልጎነቆለው ብቅል

ብልባላ፣ የካቲት

ውድ ወንድምዓለም ኢያቄም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ። ከሰመራ "መሬቱን ለገበሬው ለአዳም በእኩል እንዲያርሰው ስጡት፣ ዘር የለንም" ብለህ የላክከው መልእክት ደርሶኛል። አልሰጥም።

ለአባታችን ለጋሻዬ አርባ ጠላ ልንጠምቅ ስንል የሆነውን ታስታውሳለህ። የከረመ ገብስ አልቆብን፣ ገና ከአውድማ የገባውን ጥቁር ገብስ ለብቅል ዘፈዘፍነው። በጉሎ ቅጠል ሸፍነን ብንጠብቅ አንዲት ፍሬ አልጎነቆለችም። ሰው ሁሉ "ዘሩ ከባለቤቱ ጋር ሞተ" አለ፤ አንተም አምነህ ሄድክ። እናታችን እንኳ የቀረውን ልታስፈጨው ስትል ከጎታው አፍ ላይ ቆሜ ነው የከለከልኳት።

ወንድሜ፣ ገብሱ ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማርከኝ አንተ ነህና አሁን ስማኝ። ፍሬው ሲያፈራ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን በውስጡ ይጠራቀማል። "አትብቀል" ብሎ የሚይዘው እሱ ነው፤ ባይኖር ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ እዛላው ላይ እንዳለ ያበቅለው ነበር። ደርቆ ጎታ ውስጥ ሲከርም ግን ውስጡ ያለው የቡቃያው ሽል ያንን ትእዛዝ መስማቱን እየተወ ይሄዳል። ያኔ እርጥበት ሲያገኝ ጂብሬሊን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ያይላል። ዕድገቱን ያገዱትን ፕሮቲኖች ያስፈርሳል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኤንዛይምም ያሠራል። ብቅል የሚጣፍጠው ለዚሁ ነው። የእኛ ጥፋት መቸኮላችን ብቻ ነበር።

በቀደም ከዚያው ጎታ እፍኝ ዘግኜ ዘፈዘፍኩ። ውሎ ሲያድር እናታችን ቅጠሉን ገለጠችና "ኧረ እሰይ! ጎንቁሏል እኮ!" ብላ እልል አለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

ጎረቤታችንን ገብረ ሊባኖስን በሬያችንን ከበሬው ጋር እንዲያቀናጅልን ለመንኩት።

"በሬውስ ይሁን፤ ዕርፉን ማን ሊይዝ ነው? ሴት ታርሳለች እንዳትይኝ" አለኝ።

"ወንድሜ ይመጣል" አልኩት።

ሳትነግረኝ ተናገርኩልህ እንግዲህ። ቃሌን እውነት ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ና። ከቀረህም ዕርፉን እኔው እጨብጣለሁ፣ አገር ይሳቅ። ትልሜ ቢጣመም ገብሱ ቀጥ ብሎ ይበቅላል።

እህትህ፣
የጋሻዬ ልጅ ውባንቺ