ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ዓይኔ፣ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ሬዲዮኑን ጠገነው፤ ሦስት ብሎን ተርፎታል።

ጓደኛዬ ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ልታሰፋ የመሃል ግድግዳውን አስፈረሰች። የመጀመሪያው ግንበኛ «ይሄ እኮ ፎቁን የተሸከመ ነው» ብሎ ጥሏት ቢሄድ ሌላ ቀጠረች። «ምን ትያለሽ?» ስትለኝ «በርቺ» አልኳት፤ መጋረጃም ሰፋሁላት። ድሮ ልታገባው ያሰበችውን ሰውዬ አታግቢው ብያት ዓመት ሙሉ እንዳኮረፈችኝ ታውቂያለሽ። ዳግመኛ አፌ እንዳያጣላን ፈራሁ።

ሰኞ መጋረጃውን ስሰቅል ጣሪያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ይሰፋ እንደሆነ ልይ ብዬ፣ እሷ ሳታይ ወረቀት ለጠፍኩበት። ዛሬ ስሄድ ወረቀቱ ለሁለት ተቀድዷል። እሷ ከሥሩ ለቅዳሜ ምርቃት ወንበር ትደረድራለች። «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። «መጋረጃው አጠረ» ብዬ ወጣሁ።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት አንቺ እንድትመክሪልኝ ነበር፤ አንቺን ትሰማለች። ግን እስኪደርስሽ ቅዳሜ ያልፋል። ስለዚህ አሽጌው አሁኑኑ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ፈጣሪ ለአንቺ ከእናትሽ የተሻለ ጓደኛ ይስጥሽ። አደራ፣ ጸልዪልኝ፤ ታኩርፈኝ፣ ብቻ ትኑርልኝ።

እናትሽ