የፈላ ውኃ የነካው እንሶስላ

ጥቅምት 8፣ ከሰዓት
ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ሰዓዳ ናት። ቃሉ የእኔ፣ የኑሩ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የእንሶስላ ሥር ቆፍሬ፣ አራዳ ገበያ ሸጬ አምስት ልጅ አሳድጌአለሁ። እኔ በሸጥኩት ሥር እጅ እግሯን ያልቀላች ሙሽራ ጥቂት ናት። ደብተሬ፣ ይኸን ያዝ።

ኸድጃ መጣች። የሟቹ ጓደኛዬ የአወል ልጅ። ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ከሥሩ ምስር የምታህል ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ እየመገበች ታባዛለች። ተራራው ሳይቆፈር ቀለሙን ልታወጣ። ለእግር ቁስል መድኃኒትም ይወጣዋል አለች። ባለፈው ወር ከመካነ ብርሃን በላይ ካለው ገደል ያመጣሁላት ሥር ግን እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቴም ጠቆረ። እጅሽ አልተባረከ ይሆናል አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 9
ሰዓዳ፣ ጻፊ። ቀና ብለሽ አትዪኝ።
ሥሩን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ያባቴ ትምህርት ነው፤ ሥር ሻጭ ሳይነክር አይሸጥም። ገዢው ጓሮው ከተከለው ነገ ምን ይዘህ ገበያ ትወርዳለህ? ቀለሙ ይተርፋል፣ ሥሩ ይሞታል። ለኸድጃም እጄ ለምዶ ነከርኩት።
ውሸት። እጄ ብቻ አይደለም። ጠርሙሷ ከቀላ እኔን ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።
ምነው አያ፣ አለችኝ ሰዓዳ። ጻፊ አልኳት።

ጥቅምት 14
ኸድጃ ከስታለች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልበቀለ ሌላ ሥራ ያዢ ብሏታል አስተማሪዋ። የሁለት ዓመት ልፋት። ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፤ ምግቡን ለወጠች፣ ብርሃኑን ለወጠች፣ እጇን እስኪላጥ ታጥባለች። ገደል በወደቅሁ ጊዜ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣኝ አባቷ ነው። ለሴት ልጅ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።

ጥቅምት 17
ትናንት በማኪና ወደዚያው ገደል ወጣሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲል በቂጤ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ከነአፈሩ፣ ከነቡቃያው ቆፈርኩ። ውኃ አልነካውም። አባቴ ቢያይ ይረግመኝ ነበር። ይርገመኝ።

ጥቅምት 18፣ ጠዋት
ዛሬ ብዕሩን የያዘችው ኸድጃ ናት። ሥሩን ተቀበለችኝ። አያ ኑሩ፣ በዚህ ዕድሜዎ ገደል ምን ያወርድዎታል ብላ ተቆጣች። ቁጣሽን አቆዪው፣ መጀመሪያ ጻፊ አልኳት።
ጻፊ። የፊተኛውን ሥር እኔ ኑሩ በፈላ ውኃ ገድዬ ሰጠሁሽ። አውቄ። እጅሽ ምንም የለበትም።
ምነው ቆምሽ? ጻፊ። ከአስተማሪሽ ፊት አብሬሽ ሄጄ ይኸንኑ እላለሁ። ዛሬውኑ።
በቃ። አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትዘዪ።